የሙና ክንድ

ሃያ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ደርሰናል። «ባለቤትዎ ከግንባር ከተመለሱ ወዲህ ልጅ መትተው ያውቃሉ?» ብዬ አነባለሁ። «አዎ ወይም አይ ነው መልሱ።»

ዘሊካ በበሩ በኩል ግቢውን ታያለች። ባሏ አብዱሰላም የኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቁርበት ላይ ተጋድሟል። ጥናታችን ባልና ሚስት ለየብቻ ይጠየቁ ስለሚል ተራውን እየጠበቀ ነበር። «እሷ ያለችውን ሁሉ እሱም ብሏል ብለህ ጻፍና ገላግለኝ» ብሎ ቀልዶብኝ ወጣ። ሌሊት ብዙ እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ባገኘው ቦታ ይወስደዋል።

አጠገቡ የሰባት ዓመቷ ሙና ጥንቅሽ ትመጥጣለች። ግራ ክንዷ ወጌሻ በሸንበቆ አስሮት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በአንድ እጅ ጥንቅሽ አይሰበርም። እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ እሱ ነበር እየሰበረ የሚሰጣት።

«እስካሁን ደህና ስትጠይቅ ነበር እኮ» ትላለች ዘሊካ። «በወር ስንቴ ተሳሳቃችሁ ያልከኝ ይሻል ነበር። ሳቅ የሚቆጥር ሰው አይቼ አላውቅም፤ እሱ ራሱ አሳቀኝ።»

«መመለስ ካልፈለጉ እናልፈዋለን።»

«አንተ ብታልፈው እኔን መች ያልፈኛል፣ ወንድሜ።» ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «አዎ በል።»

«አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

«ወር ሊሆነው ነው፣ ሱብሂ ላይ። ሶላት እንዳያልፈኝ ቀስቅሺኝ ብሎ አደራ ብሎኛል። በእጅ አይነካም፣ ይበረግጋል። ራቅ ብዬ ቆሜ እግሩን በማሽላ አገዳ ነካ ነው የማደርገው። የዚያን ለት አገዳው በጨለማ ጠፋብኝ። ‹ያ አባ ሙና!› ብዬ ተጣራሁ። ልጅቱ ስሟን ሰማች፤ እሷን የጠራኋት መስሏት ተነሥታ ወደሱ ሄደች። ከዚያ ጩኸቷን ነው የሰማሁት። ባትሪ ሳበራ ክንዷ ታጥፏል።»

«እሳቸውስ?»

«ራሱን ሲያውቅ ልጅቱ እኔ እቅፍ ውስጥ ነበረች። ከመደቡ ወደቀች አልኩት። እሷም ከመደብ ነው የወደቅኩት ትለዋለች። ወላሂ፣ ከኔ ይልቅ እሷ ትዋሻለች።» የቀሚሷን ጠርዝ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። «ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። እህቴ ዘንድ ልልካት ነው። ለሱ ምን እንደምለው ነው ያጣሁት። ልጅቷ ከሄደች ያቺው ትንሿ ሳቁም አብራ ትሄዳለች። አንተ የተማርክ ነህ፤ እንዴት ልቀስቅሰው? ይቺን ብቻ ንገረኝ፣ ልጅቷን አልሰዳትም።»

መጠየቅ እንጂ መምከር አልተፈቀደልኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ለቤተሰቦች የምናድለው አንድ ወረቀት አለ። ከሥሩ የተጻፈውን የአማካሪ ስልክ ጠዋት ሞክሬው ነበር፤ አይሠራም። ከላይ ያለውን አነብላታለሁ። «‹በእጅ አይንኩት። ራቅ ብለው ቆመው በለሰለሰ ድምፅ በስሙ ይጥሩት› ይላል።»

ዘሊካ አፏን በሻርፗ ሸፍና ትስቃለች። «በስሙ? ስምንት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን ስሙ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ባል በስሙ ይጠራል እንዴ? እናቴ ብትሰማ!»

የከሰዓቱ ሶላት፣ የዓስር አዛን ይጀምራል። ሳቋ ይቆማል። ባሏን መቀስቀስ አለባት፤ አገዳውን ትታ ወረቀቱ ያለውን ልትሞክር ነው።

ተነሥታ በሩ ላይ ትቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «አብ…» ትላለች፤ ከዚያ ማዶ አታልፍም። «አልሆነልኝም። ማሎ፣ እባክህ አንተ ጥራልኝ። ለወንድ ነውር የለውም።»

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በከሚሴ ቤት ለቤት ስዞር ከመጠየቅ ሌላ አንድ ነገር እንድሠራ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። አጠገቧ ቆሜ «አብዱሰላም» እላለሁ። ድምፄን አዛኑ ይውጠዋል። ጮክ እላለሁ። «አብዱሰላም!»

ዓይኑ ሳይገለጥ ሰውነቱ ይነሣል። ወደኔ የሚመጣ መስሎኝ አፈገፍጋለሁ። እሱ ግን ሙና ላይ ይወድቃል። ሁለመናዋን በደረቱ ሸፍኖ፣ ጭንቅላቷን በሁለት መዳፉ ከልሎ፣ «ሂን ካኢን! አትነሺ! አትነሺ!» ይላል። ከላያቸው የኒሟ ቅጠል ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሸንበቆው ሲሰነጠቅ እዚህ ድረስ ይሰማል።

«እንዲህ ነበር?» ትላለች ዘሊካ፣ ለራሷ። «ያን ለትም እንዲህ ነበር?»

ሙና አታለቅስም። ከሥሩ ሆና «አባ፣ ቤታችን ነን» ትለዋለች። ቀጥላም «አባ፣ ክንዴን።»

ቀስ ብሎ ከላይዋ ይነሣል። የተሰነጠቀውን ሸንበቆ ያያል። የራሱን ደረት ያያል። ከዚያ ሚስቱን። «ከመደብ ነው የወደቀችው ያልሽኝ?»

ዘሊካ ወደኔ ትዞራለች፤ ምናልባት ወረቀቴ ላይ የሚባል ነገር ተጽፎ እንደሆነ። ቅጹን አያለሁ። ሃያ ሁለት፦ አዎ፣ አይ። ምልክቴን ልሰርዝ እስኪብርቶዬን አነሣለሁ፤ ሰርዤ የት እንደማደርገው ግን አላውቅም።

አዛኑ አብቅቷል። አብዱሰላም ቁርበቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ሙና ጥንቅሿን ከመሬት ታነሣለች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እንደ ቅድሙ እንዲሰብርላት በደህናው እጇ ትዘረጋለታለች።

እሱ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከትቶ ተቀምጦባቸዋል። እሷ እንደዘረጋች ናት።