ከመጋዝ የተሠራ ቢላዋ

ላኦ ጓን ጠዋት ጠዋት የሩዝ ሳህን ገልብጦ በሻካራው ግርጌ የሚስቱን የሹዪንን ቢላዋ ይስል ነበር። ፋብሪካቸው ሲዘጋ ከተጣለ የማሽን መጋዝ ቆርጦ፣ እጀታውን ለግራ እጇ ጎድጎድ አድርጎ የሠራላት ራሱ ነው። ያን ቀንም ስሎ ሰጣትና ሻይ ሊያፈላ ሄደ።

የልጃቸው እጮኛ እናት ጎመን በመክተፍ ልታግዛት መጥታ ቢላዋውን አየች። "ኧረ እህቴ፣ ይሄ ቢላዋ ነው የበር መቀርቀሪያ?"

ሹዪን ፊቷ ቀላ። "ከእኛ በፊት እዚህ ቤት የነበሩት ጥለውት የሄዱት ነው" አለች። ቀና ስትል ባሏ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"እውነቷን ነው" አለ፣ ለእንግዳዋ እየቀዳ። "ሠሪው እጁ አይረባም ነበር።"

እንግዳዋ ከት ብላ ሳቀች። ሹዪን እጀታውን በመዳፏ ሸፈነችው።

በማግስቱ ጠዋት ቢላዋው ሚስማሩ ላይ፣ ሳህኑም መደርደሪያው ላይ ነበር። የመሳሉ ድምፅ ግን አልነበረም።