ሁለተኛው ምስል

ቀዶ ሐኪሙ ቸኮሌት የተነሰነሰበትን ዳቦውን እየገመጠ፣ "የታካሚዋን ሁለቱንም የእንቁላል ከረጢቶች አወጣለሁ፤ ለሐሙስ ይዣታለሁ" ሲል የራጅ ሐኪሟ ደሟ ፈላ። በግሮኒንገን ከተማ ሆስፒታል የማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ከእሷ በቀር ስክሪኑን የሚያይ ሰው አልነበረም።

"ዳቦህን አስቀምጥና እየው፣ ሲብረን!" አለችው። በኤም አር አይ የተነሳው የታካሚዋ እጢ ነጭ ሆኖ ያበራ ነበር። ቀጥላ ስብን የሚያደበዝዘውን ምስል ከፈተች፤ ያ ነጭ እጢ ጠቆረ። "ስብ ነው እንጂ ካንሰር አይደለም። እጢው ብቻ ይውጣ። ልጅቷ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው!"

"ኧረ ተረጋጊ እቴ! ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፎቶ አንሺ ቢላዋ አያያዝ የሚያስተምረኝ?" አለ። ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ስሙ የተሸፈነ ሌላ ምስል ከፈተች። ይህኛውም እጢ መጀመሪያ አበራ፤ ቀጥሎ ጠቆረ። "የዚህችስ?" አለችው።

ሲብረን ያን ጊዜ ገና ዳቦውን አስቀምጦ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ደጋግሞ አየው። "እሺ፣ አሸነፍሽ። የዚህችም ስብ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱንም ማውጣት ነውር ነው። ገባኝ፣ በቃ፤ አትጩኺብኝ።"

"የኔ ነው" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የተነሳሁት። ሁለቱንም ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ምስሉን ግን ዛሬ ገና ማየትህ ነው።"