የደነዘዘ እጅ

ገመዱ በፋንታሁን መዳፍ ውስጥ እየተንሸራተተ ነው። መንሸራተቱን የሚያውቀው ግን በዓይኑ ነው፤ እጁ ምንም አይነግረውም።

በገመዱ ጫፍ፣ ከገደሉ አፋፍ በታች፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም አድማሴ ተንጠልጥሏል። ክረምቱ ያላላው ቋጥኝ ጣሊያን ጥሎት በሄደው የሊማሊሞ መንገድ ላይ አዘንብሏል። እሱን በዲጅኖ ፈንቅለው ካልጣሉት ማኪና ወደ አዲ አርቃይ አያልፍም።

«አያ ፋንታሁን፣ ትንሽ ልቀቅልኝ!» ይላል አድማሴ ከታች።

ፋንታሁን ከጧት ጀምሮ ለመንገዱ ግንብ የሚሆን ድንጋይ በዚሁ ገመድ ሲያወርድ ነው የዋለው። ድንጋይ መሸከም ለምዶታል። ይህ ግን ሌላ ነው፤ ሸክሙ ቁልቁል እየጎተተ፣ የታጠፈ ክንዱን ግድ ይዘረጋዋል። ወደ ቀትር ላይ ጡንቻው አብጦ ጠጠረ። ከዚያ ከክርኑ እስከ ትንሿ ጣቱ ጉንዳን የወረረው መሰለው። ኋላ ጉንዳኑም ጠፋ።

አድማሴ ከመውረዱ በፊት «እንዲያው በርትተሃል?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

«ምነው፣ ሽማግሌ አደረግኸኝ?» አለው።

አሁን ሁለቱ የዳር ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል። ገመዱ አንድ ክንድ ያህል ያመልጠዋል። ከታች ጠጠር ይንኮሻኮሻል።

«ኧረ ያዘኝ! ምን ሆንክ?»

ፋንታሁን ገመዱን በወገቡ ይጠመጥምና በጀርባው ይወድቃል፤ ሁለት እግሩን ከዓለቱ ላይ ይቸነክራል። ገመዱ ጎድኑን ሰርስሮ ይቆማል።

«እጄ ከዳኝ፣ አድማሴ! አልችልህም! ዓለቱን ጨብጠህ ውጣ!»

ከታች የሚሰማው ነፋስ ብቻ። ገመዱ ይንቀጠቀጣል፣ ይወጠራል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይላላል። ተበጠሰ ይሆን? ለሚስቱ ለታየች ምን ብሎ ይነግራታል? ፋንታሁን ዓይኑን ይጨፍናል።

ሲገልጠው አቧራ የለበሰ እጅ አፋፉን ጨብጧል፤ ቀጥሎ የአድማሴ ራስ ብቅ ይላል።

አድማሴ ወጥቶ አጠገቡ ይዘረጋል። ሲያለከልክ ቆይቶ፣ «ምነው አስቀድመህ ብትናገር?» ይላል። ፋንታሁን ፊቱን ወደ ሸለቆው ያዞራል።

የፋንታሁን መዳፍ በገመዱ ተልጦ ይደማል። አድማሴ ከጋቢው ጫፍ ይቀድና እጁን ወደ ራሱ ይስባል።

«በል ቶሎ እሰረው እንጂ፣» ይላል ፋንታሁን ዞር ሳይል።

አድማሴ ቀና ብሎ ያየዋል። አስሮ ከጨረሰ ቆይቷል።