ልዕልቲቱ ባጃጅ ተሳፈረች

«አሁንስ አበዛችው!» አለች ደስታነሽ፣ የሽንኩርት ቢላዋዋን ወደ ሂዊ ደብተር እየቀሰረች። «ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ ለብሳ ባጃጅ ላይ!»

«እትዬ፣ ገና አልጨረስኩም እኮ።»

ሂዊ የደስታነሽን አንዲት ክፍል የተከራየች መምህርት ናት። ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ በጻፈች ቁጥርም ለአከራይዋ ታነብላታለች። ታሪኩ ጥንት በኮርያ ቤተ መንግሥት የኖረች፣ አልጋ ወራሽ ባሏን የገዛ አባቱ ያስገደለባት የአንዲት ልዕልት ነው። ሂዊ ይህችን ልዕልት ከሁለት መቶ ምናምን ዓመት እንቅልፏ ቀስቅሳ ደብረ ማርቆስ አመጣቻት፤ ቤት አከራየቻት፤ መታወቂያ አውጪ ብላ ሰደደቻት። የንጉሥ ምራት «ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ነው» እየተባለች ሦስት ቀን ስትመላለስ፣ ደስታነሽ ጎኗን እስኪያማት ስቃለች።

ነጩን ቀሚስ ግን ይቅር አላለቻትም።

ደስታነሽ ራሷ ባሏ ንጉሴ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጥቁር አልወጣችም። ተዝካሩ ወጥቷል። የንስሐ አባቷ ቄስ ዘማርያምም «ይበቃሻል፣ ልጄ» ብለዋታል። ለእሷ ግን ጥቁሩን ያወለቀች ዕለት ንጉሴ ዳግመኛ የሚሞት ይመስላታል። ነገ ደግሞ የልጇ የማንጠግቦሽ ሰርግ ነው። ልጅቱ የገዛችላት፣ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ ጓዳ ምስማር ላይ ከተሰቀለ ወር አልፎታል። ትናንት «አልለብሰውም» ስትላት፣ «እንዳሻሽ፣ እማዬ» ብላ እራት ሳትበላ ተኛች።

«አንብቢልን እንጂ» አለች ጎረቤቷ ወለላ፣ የሽንኩርት እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ይህ ሁሉ ሽንኩርት ያለ ወሬ አይገፋም።»

ሂዊ ቀጠለች። ባጃጁ ቆመ። ሾፌሩ ልዕልቲቱን ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ የማን ሰርግ ነው?» አላት። እሷም የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ገባችና፣ «ሰርግ አይደለም። ባሌ ሞቶብኝ ሐዘን ላይ ነኝ» አለችው።

የደስታነሽ ቢላዋ ሽንኩርቱ መሐል ቀረ።

«ምን አለች?»

«በአገራቸው በዚያን ዘመን ሐዘንተኛ የሚለብሰው ነጭ ነው፣ እትዬ። ቀለም ያልነካው ሻካራ ጨርቅ። እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም እንዴ?»

«መች ነገርሽኝ! ይኸው ስንት ቀን ‹የቤተ መንግሥት ሴት ባሏን ቶሎ ትረሳለች› እያልኩ በሆዴ ሳማት! ማረኝ ጌታዬ፣ ሐዘንተኛ አምቼ።»

ወለላ በሳቅ ፈረሰች። «ደብተር ውስጥ ያለችን ሴት አማሁ ብለሽ ንስሐ ልትገቢ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው አይደለች?» ደስታነሽ ወደ ሂዊ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እና ነጩን ለብሳ… አልረሳችውም?»

«አንድም ቀን።»

«እሱስ? አልተቀየማትም?»

ሂዊ እስክሪብቶዋን ነክሳ አሰበች። «እኔ የጻፍኩት ባል አይቀየምም፣ እትዬ።»

ደስታነሽ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በሎሚ አንዴ ታጠበች፤ አሸተተችውና ደገመች። ከዚያ ጓዳ ገባች። ወለላና ሂዊ ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ሽንኩርት ላይ አቀረቀሩ።

ደስታነሽ ከጓዳ ስትወጣ ቀድማ ያየቻት ማንጠግቦሽ ናት። ሂና ስትቀባ ቆይታ ከጎረቤት እየተመለሰች ነበር፤ የግቢውን በር በክርኗ ገፍታ ገባችና ባለችበት ቀረች። እናቷን እንዳታቅፍ ሂናው አልደረቀም፤ ነጩን ያበላሸዋል። ልትተዋትም አልቻለችም። ሁለቱን እጆቿን ወደ ላይ እንደያዘች፣ ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው ቆማ መሳቅ ጀመረች።

«እልልልል!» አለች ወለላ፣ ቢላዋዋን እንደጨበጠች።

«ዝም በይ አንቺ! ሐዘንተኛ ፊት እልል ይባላል?» ብላ ደስታነሽ ተቆጣቻትና፣ የቀሚሱን የኋላ ጥልፍ ለማየት አንዴ ዞር አለች።