የጣሪያው ነዋሪዎች

በወንዙ መሃል ያለችው ደሴት ላይ ሣርና ዛፍ የነዋሪነት መታወቂያ ካገኙ ወዲህ፣ ያለ ፈቃዳቸው ማጨድም መቁረጥም ክልክል ነው። ባልቴቷ አርየት ጎጆዋን ሳትከድን ሦስት ክረምት አለፈ፤ የበሰበሰው ክዳን ራሱ ሣር አበቀለ። ዛሬ የነዋሪዎች መዝጋቢው መጥቶ ጣሪያዋ ላይ ቁጥር ለጠፈ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ሰባት ነዋሪዎች በቅለውልዎታል! ጭስ እንዳያፍናቸው ከእንግዲህ ቤት ውስጥ እሳት አያንድዱ።»

«ጭስ ካጣ እኮ ክዳኑን ምስጥ ይጨርሰዋል!»

«ምስጡም ማመልከቻ አስገብቷል።»

አርየት የያዘችውን ድስት አስቀምጣ ዝናብ ወደሚጥልበት ደጅ ወጣች፤ እግሮቿን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃው ውስጥ ቀበረች።

«በል እኔንም መዝግበኝ። እዚሁ ነው የበቀልኩት!»

ሰውዬው መዝገቡን በጥንቃቄ አገላበጠ።

«እማማ፣ እርስዎማ ተመዝግበዋል» አላት። «ወራሪ አረም በሚለው ሥር። እስኪነቅሉዎት ተራዎን ይጠብቁ።»