ለሜሳ የፈለገው ላፕቶፕ

ዳኜ በጥቅምት ሞተ። አርባው በወጣ በሦስተኛው ቀን ለሜሳ መጣና ላፕቶፑን ጠየቀ።

የዳኜ ሚስት ሠርካዲስ ኮት የሚጠይቅ መስሏት ነበር። የሟች ኮት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ላፕቶፕ ግን አልጠበቀችም፤ ያውም ያንን። ወፍራም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ከቁልፎቹ መሀል ቀይ ነጥብ አለችው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ የተገዛ ነው።

"በባዶ አይደለም እትዬ" አለ ለሜሳ። ከቦርሳው ስስ፣ ብርማ ላፕቶፕ አወጣ። "ይሄን ልተውልዎት። አዲስ ነው። ጋሽ ዳኜ የጻፉትን ሁሉ እዚህ ላይ አዛውርልዎታለሁ።"

"አዲሱን ለኔ፣ አሮጌውን ላንተ?"

"አዎ።"

"አስብበታለሁ" አለችው። ያሰበችው ግን ስለ ለሜሳ ነበር።

ለሜሳ የሂሳብ መምህር ነው፤ ዳኜ ጡረታ እስኪወጣ ፊዚክስ ያስተማረበት ትምህርት ቤት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቀጨኔ እነዳኜ ቤት ይመጣና ሁለቱ ሊኑክስ ስለሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ድሮ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥቁር ላፕቶፕ ከፍተው ነበር የሚቀመጡት። ከሰኔ ወዲህ፣ ዳኜ ሕመሙ ሲጠናበትና መጻፍ ሲጀምር፣ ለሜሳ ባዶ እጁን እየመጣ አጠገቡ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር።

ዳኜ የጻፈው ስለ ሰፈሩ ሰዎች ነው። ከመድኃኔ ዓለም ቁልቁል ማን የት ቤት እንደነበረው፣ ማን ሸክላ ይሠራ እንደነበር፣ ማን ማንን እንደጠለፈ። ሠርካዲስ በየማለዳው አንድ ገጽ ብቻ ታነባለች። ስለ እሷ የጻፈበት ገና አልደረሰም። ዘልላ አታነብም፤ ካለቀ አለቀ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ለሜሳ ሲመጣ የዳኜ ታናሽ ወንድም ቤዛብሕ ቤት ነበር።

"እስቲ መምህር፣ አስረዳኛ" አለው። "ይሄ ጡብ ምኑ ነው እንዲህ የሚያንከራትትህ?"

ለሜሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሊኑክስ የምንጠቀም ሰዎች ይሄን ዓይነቱን እንወደዋለን። በአንድ መፍቻ ይከፈታል። ባትሪው፣ ሜሞሪው፣ ኪቦርዱ፣ ሁሉም ቤት ውስጥ ይቀየራል። ሊኑክስ ደግሞ እያንዳንዷን ዕቃውን ያውቃታል፤ ዋይፋይ እምቢ አለ፣ ድምፅ ጠፋ፣ የሚባል ነገር የለም። አዲሶቹ ቆንጆ ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ ተጣብቀው ነው የሚሠሩት። ቢበላሹ መጣል ነው።"

"የሚጣለውን ነዋ ለሷ ያመጣህላት።"

ለሜሳ ቀላ። "እንደሱ ማለቴ አይደለም... በቃ፣ እሱን ካልወደዱት ሌላ ጥቁር ፈልጌ አመጣለሁ። ዲስኩን ነቅዬ እዚያኛው ላይ እሰካዋለሁ። ጽሑፉ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ሊኑክስ አካሉ ቢቀየርም ምንም እንዳልሆነ ይነሣል።"

"ጥቁር ማግኘት ከቻልክ ለምን ለራስህ አትወስደውም?" አለች ሠርካዲስ።

ለሜሳ ላፕቶፑን አየው፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

ከሄደ በኋላ ቤዛብሕ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግመል በፍየል የሚለውጥ ሰው አላየሁም። ዘንድሮ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ገንዘብ ይደብቃል፤ ቢትኮይን ይሉታል። ወንድሜ ሳይነግርሽ ሞቶ ይሆናል። ይሄ ሰውዬ ግን ያውቃል።"

ሠርካዲስ ስለ ገንዘቡ ግድ አልነበራትም። እሷን ያስጨነቃት መፍቻው ነው። አንዴ ከተከፈተ፣ አንዴ ዲስክ ከተነቀለ፣ ያ ያልደረሰችበት ገጽ ቢጠፋ ማንን ትጠይቃለች? ደግሞ ዕቃው ደህና ነው። ሰኔ ላይ አንዴ ተበላሽቶ ዳኜ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሸፊ ጋ ወስዶት፣ በማግስቱ ከነበረበት ተሽሎ ነው የመጣው፤ የተሰነጠቀው ጥጉ እንኳ ድኖ።

ሦስተኛው ጊዜ እሑድ ነበር፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ። ለሜሳ በር ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ለማስተማሪያ በጣም ስለሚያስፈልገኝ ነው" ብሎ ሳይጨርስ ሠርካዲስ የተጠራቀመው ንዴት ሁሉ ገነፈለባት።

"አንተ ጆፌ አሞራ ነህ እንዴ? ባሌ አፈሩ ሳይደርቅ ዕቃው ላይ ታንዣብባለህ? ያጣኸው ምን አለ እሱ ውስጥ? ሌባ። ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ።"

መንገደኛው ቆመ። ለሜሳ ብርማውን ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ መለሰ።

"ይቅርታ እትዬ" አለ። ጥቂት ሄዶ ዞረ። "ቻርጀሩን ሁልጊዜ ሰክተው አይተዉት፣ ባትሪውን ይጎዳዋል። የግራውን ማጠፊያም ቀስ አድርገው ይክፈቱት።"

"አየሽ?" አለ ቤዛብሕ ከውስጥ። "ማጠፊያውን ሳይቀር አጥንቶታል።"

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ ከቤዛብሕ ጋር ጳውሎስ ወረደች። የሸፊ ሱቅ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ በሁለት መድኃኒት ቤቶች መሀል ተጣብቃለች።

"ጽሑፉን እንዳትነካብኝ" አለችው። "ክፈተውና ውስጡ የተደበቀ ነገር ካለ ብቻ ንገረኝ።"

ሸፊ ብሎኖቹን ፈትቶ የታችኛውን ክዳን አነሣ። በባትሪ መብራት አየው። በብሩሽ አቧራውን ጠረገ።

"ምንም የለበትም እናቴ። ንጹሕ ማሽን ነው። ምን ጠርጥራችሁ ነው?"

"ለሜሳ የሚባል መምህር ነው" አለ ቤዛብሕ። "የወንድሜን የዳኜን ላፕቶፕ ካልወሰድኩ ብሎ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። ትናንት ሰፈር በሙሉ እየሰማ ልክ ልኩን ነገረችው።"

ሸፊ መፍቻውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ቤዛብሕን፣ ቀጥሎ ሠርካዲስን አየ።

"የጋሽ ዳኜ ማሽንማ ሰኔ ላይ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ሞቶ ቀረ፤ ይሄ የለሜሳ የራሱ ነው፣ ጽሑፍዎን ይጨርሱበት ብሎ ሲሰጣቸው እኔ ነኝ ዲስኩን ያዛወርኩላቸው።"