ከሽንኩርቱ ጆንያ ሥር

«ሩዙን ወደ በሩ፣ ሽንኩርቱን ወደ ውጪ» ይላል ባለሱቁ አብዱልመጂድ። ሩሀማ ግን ጆንያውን ከእጁ ነጥቃ ራሷ ትጎትታለች። በፍርግርጉ በኩል ደንበኛ ዳቦ ይጠይቃል፤ የሚሰማው የለም።

ጆሃንስበርግ አጠገብ ካትሌሆንግ ያለው ይሄ ሱቅ የአከራይዋ የጎጎ (በዙሉ ‹አያት›) ተንጂዌ ጋራዥ ነበር። አብዱልመጂድ ትናንት ደውሎ ከወለሉ ሣንቃ ሥር የመኪና መጠገኛ ጉድጓድ እንዳለ፣ ጎጎ ግን አባታቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም እንዳሉ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ሩሀማ እህል በአፏ አልዞረም።

ሩሀማ የሞርሞኖችን፣ ከአሜሪካ የመጣችውን ቤተክርስቲያን ተከታዮች፣ ታሪክ ትጽፋለች። ምን ነክቷት እንደሆነ እናቷም እስከ ዛሬ አልገባቸውም፤ ዩኒቨርሲቲ አይከፍላት፣ ቤተክርስቲያኑ አልላካት፣ እሷ ራሷ ሞርሞን አይደለች። ጆሃንስበርግ ትሮይቪል ሰፈር ልጆች እያስጠናች የምታገኘውን ገንዘብ ያን ዘመን የሚያስታውስ ሽማግሌ ፍለጋ በታክሲ ትጨርሰዋለች። ከመጽሐፏ አብልጣ የምትወደው ምዕራፍ ስለ ጥቂት ጥቁር ሠራተኞች ነው። በአፓርታይድ ዘመን፣ ቤተክርስቲያኑ ለጥቁር ወንድ ማጥመቅ የሚያስችለውን ክህነት በማይሰጥበት ጊዜ፣ ደጅ መጥናት ሰልችቷቸው እርስ በርሳቸው በድብቅ ይጠማመቁ ነበር ይባላል። አሳታሚዋ ወሬ አላትምም ብሏል። እስከ ዓርብ ማስረጃ ካላመጣች ምዕራፉ ከመጽሐፉ ይሰረዛል።

ሣንቃው ይነሳል። አብዱልመጂድ በስልኩ መብራት ወደ ታች ያበራል። የመኪና ጉድጓድ ጠባብ ነው፣ ዘይት የጠጣ ነው። ይሄ ሰፊ ነው፣ ደረጃ አለው፣ ግድግዳው ሰማያዊ ሴራሚክ ለብሷል። ሩሀማ በደስታ እንዳትጮህ ፈርታ አፏን በእጇ ትይዛለች።

«ወላሂ፣ እኔ እኮ ድንች ላስቀምጥበት ነበር» ይላል አብዱልመጂድ።

ደስታዋ መለስ ሲል አሳታሚው ትዝ ይላታል። የጥምቀት ገንዳ ሳይሆን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው ቢላትስ? በሩ አጠገብ የለስላሳ ሣጥን ላይ ወደ ተቀመጡት ጎጎ ዞራ በዙሉ ትጠይቃቸዋለች። ጎጎም ሳይቸኩሉ ይነግሯታል። የቆፈሩት አባታቸው ናቸው፤ ፖሊስ ቢመጣ የመኪና ነው ለማለት ጋራዥ ሠሩበት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ሳያይ በባልዲ ውሃ ይሞሉት ነበር። ሩሀማ ድምፃቸውን በስልኳ ትቀዳለች። እርስዎስ እዚህ ተጠመቁ ወይ ትላቸዋለች።

«የእኔ ተራ እሑድ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ፖሊሶች አባቴን ወሰዱት።»

ከዚያ ጎጎ ጫማቸውን ያወልቃሉ። የአብዱልመጂድን ትከሻ ተደግፈው ደረጃውን አንድ በአንድ ይወርዳሉ። «ነይ ልጄ፣ ያዢኝ» ይላሉ ከታች። ሩሀማ ስልኳን ደረጃው ላይ ጥላ ትከተላቸዋለች።

ጎጎ በግራ እጃቸው የሩሀማን የእጅ አንጓ ይጨብጣሉ። በቀኛቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ጉልበታቸውን ትንሽ ያጥፋሉ። ሩሀማ ይህን አያያዝ ታውቀዋለች፤ ሞርሞኖች ሲያጠምቁ ስንቴ ቆማ አይታለች። ካሴትም ፎቶም የማይተካው ማስረጃ እጇን ይዞ ቆሟል። ፎቶ አንሳን ብትል አብዱልመጂድ እላይ አለ። እሷ ግን አትጠራውም።

ጉድጓዱ ደረቅ ነው። ጎጎ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ይጠብቃሉ።